የቅዳሜ እጥበት ውሃና የጎረቤታችን ጎመን

በዚህ ጉዳይ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የአልሙኒየም በርና መስኮት የምሠራ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት የለቃቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ከእኔ ያነሰ ትናገራለች፣ ከእኔ የበለጠ ትሠራለች። ሦስተኛዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ፣ አራተኛዋ የስድስት ዓመት ታናሿ ናቸው። አምስተኛዋ ሀና ማርያም በተከራየነው ግቢ ውስጥ ከጎናችን የሚኖሩት እናት ናቸው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፣ አጥሩን ተከትለው ደግሞ ጎመን ይተክላሉ። ጎመኑ ከሽንኩርቱ የተሻለ እንደሚያተርፍላቸው ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀን። እኔ ደግሞ ውሃ ሲደፋ ማየት አልወድም። ለልጅ ስለ ምድርና ስለ አየር በትልልቅ ቃላት ከመስበክ ባልዲ ማስያዝ ይሻላል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ሱቅ ያለ ዘንቢል አይኬድም። የድንችና የካሮት ልጣጭ ጓሮ ከቆፈርነው ጉድጓድ ይገባል። ያገለገለ ውሃ ሁሉ ለጎመኑ ይሆናል። «ሁሉ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላለም።

ጎረቤታችን ነገሩ ደስ አላቸው፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ጀሪካን መሸከም ከብዷቸው ነበር። ግን ሳይቀልዱ አያልፉም። ከሥራ ስገባ ሲያዩኝ፣ «የውሃው ዳኛ መጡ! ልጆች፣ ምራቃችሁን እንኳ እንዳትተፉ፣ ይቆጠራል!» ይሉ ነበር።

ትልቋ ልጄ ሥራውን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው። ባልዲውን ስትሸከም አንድ ጠብታ አታፈስም። ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታረጥብም። ይህንን ማንም አላስተማራትም፤ ቀትር ላይ የረጠበ ቅጠል ሲጠወልግ በራሷ ዓይን አይታ ነው። ታናሿ በኩባያ እየቀዳች ከኋላዋ ትከተላለች። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬ፣ እንደዚያች ልጅ ነገርን ቀርቦ የሚያይ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ይህን ግን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ልጅ በምስጋና ይበላሻል የሚል እምነት ነበረኝ።

በጋው ሲገፋ አቧራው በረታ። ባለቤቴ የልጆቹን ነጭ ሸሚዝና ካልሲ ቅዳሜ ቅዳሜ በበረኪና መዘፍዘፍ ጀመረች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ትልቋ ባልዲውን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄኛው ውሃ አፍንጫ ያቃጥላል።»

«አፍንጫሽ ነው የተቃጠለው ወይስ ክንድሽ ደከመ? ደፍተሽ እንዳላይሽ!»

ወስዳ አጠጣች።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። የጎመኑ ቅጠል መጀመሪያ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ ከዚያ ጠርዙ እሳት እንደነካው ወረቀት ተኮማተረ። ጎረቤታችን አንዱን ቅጠል በጣታቸው ያዝ አድርገው ገለባበጡት። «ዓይን ነው» አሉ በመጨረሻ። እኔ በዓይን አላምንም፤ በስንፍና ግን አምናለሁ። ትልቋን እዚያው እሳቸው ፊት ጠራኋት።

«ጎመኑ ውሃ ጠምቶታል። ባልዲውን የት ስትደፊ ነበር?»

«አጠጥቻለሁ።»

«ውሸት ደግሞ ትጨምሪበታለሽ?»

ባልዲውን ከእጇ ተቀብዬ ለታናሿ ሰጠሁ። ዱላ ባነሳባት ይቀላት ነበር። ውሸታም ተብላ፣ ከምትወደው ሥራ ተሽራ፣ ዘጠኝ ቀን አንገቷን ደፍታ በግቢው ተመላለሰች። እኔም ቅጣቱ እየሠራ ነው ብዬ ረካሁ።

እሷ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። ከጎረቤታችን ሁለት የተረፉ ችግኞች ለምና በሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተክላለች። አሥረኛው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ «አባዬ፣ አንዴ ና» አለችኝ። ጣሳዎቹ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ቀጥ ብሎ ለምልሟል፤ ሌላው ነጥቶ ተኝቷል።

«ሁለቱንም በአንድ ኩባያ፣ እኩል ነው ያጠጣሁት። ይሄን ሽንኩርት በታጠበበት፣ ይሄን በቅዳሜው።» የቅዳሜውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጣው ነበር፤ ከፍታ አስሸተተችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እኔ ምስክር ነኝ!» አለች ታናሿ። «አንድም ቀን አልዘለለችም! ምራቅ እንኳ አልጨመርንበትም!»

ስለ አፈር ያነበብኩት ብዙ ነው። የበረኪናው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ግን አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። ያን ማታ አነበብኩት፤ አራት መስመር ነበር፣ አንዱ ተክል ላይ እንዳይፈስ ይላል።

በነጋታው ጎረቤታችን ደጃፍ ሄድኩ። ልጆቹም ተከተሉኝ።

«እናቴ፣ ጎመንዎን የገደልኩት እኔ ነኝ። የበረኪና ውሃ ነው ያጠጣሁት።»

አፍጥጠው አዩኝና ሳቃቸው መጣ። «ወላሂ! እኔ ደግሞ ዓይን ነው ብዬ ያቺን ከማዶ ያለችውን ሴትዮ አሥር ቀን ሙሉ አኩርፌያታለሁ! ሰላምታዋን እንኳ አልመልስም!» ከዚያ ሳቁን ትተው ቀና አሉ። «ለእኔ ነገርከኝ። ለልጅቷስ?»

«እሷ ታውቃለች፤ ያሳየችኝም እሷ ናት።»

«ማወቋን አልጠየቅኩህም። ውሸታም ያልካት እዚህ፣ እኔ ፊት ነው።»

ይህን ስጽፍ ራሴን ማሳመር አልፈልግም፤ ከብዶኝ ነበር። እኔን አባቴ አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ አላውቀውም። ወደ ልጄ ዞርኩ። «አልዋሸሽም። ነግረሽኝም አልሰማሁሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ጎበዝ መሆኗንም ያን ጊዜ ነገርኳት፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እሺ» አለች። «ባልዲውን ልውሰድ?»

ወሰደች። ሕጉንም እሷ ናት እንደገና ያወጣችው፦ አትክልት የታጠበበት ለመደቡ፣ ሳሙና ያለው ለሽንት ቤት፣ በረኪና የነካው ለብቻው ባልዲ ይቀመጥና ለሽንት ቤቱ ወለል። እኔ በዚህ ሕግ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አዲስ ችግኝ አራት መቶ ሃምሳ ብር፣ አፈሩን የምንቀይርበት ፍግ ከነማስጫኛው ሁለት መቶ ብር፣ ሁለት ተጨማሪ ባልዲ አምስት መቶ ብር ወጣ። እኔ ስምንት መቶ ከፈልኩ። ባለቤቴ «የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ሦስት መቶ አወጣች። ትልቋ አይሆንም ብላት ብላት ከበዓል ብሯ አርባ አስጨበጠችኝ፤ ታናሿም እንዳትቀር አሥር ብር ሰጠች። ጎረቤታችን የበጋ ጎመናቸው በሙሉ ሄዶባቸዋል፤ ካሳውን አልቀበልም ብለው፣ ስንት ይሆን እንደነበር እንኳ ሊነግሩኝ አልፈቀዱም። የእሳቸውን ሳይጨምር፣ በጠቅላላው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር።