የደረብኩት ባሌስትራ

ከጉና ድንች የምጭንበትን ተሳቢ እንድትጎትት ብዬ ለፒካፔ ክብደት የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ አስደረብኩላት። መካኒኩ፣ «ባዶዋን ከነዳሃት ታንገጫግጫለች፤ ክብደት ጣል አድርግባት» ብሎኝ ነበር። እኔ ጅሉ በጥንካሬዋ ስኩራራ ምክሩን ረሳሁት።

በሳምንቱ አባቴ ታመሙ። መቀመጥ ስላቃታቸው ተሳቢውን ፈትቼ፣ ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝቻቸው ወደ ደብረ ታቦር ከነፍኩ። ድንቹ በጆንያ በጆንያ ሆኖ ደጃችን ላይ ተደርድሮ ነበር፤ አንዱን እንኳ አልጫንኩም። መኪናዋ በየጉድጓዱ ስትነጥር፣ «ቀስ በል ልጄ፣ አጥንቴ አለቀ» ይሉኝ ነበር። ሐኪም ቤት በገቡ በማግስቱ አረፉ።

አስከሬናቸውን ይዘን ስንመለስ ለቀስተኛው ከኋላ ጢም ብሎ ሞላባት። ያን ለታ መኪናዋ፣ በዚያው ጉድጓድ፣ አንዴም አልነጠረችም።