ወንድሜ ከምርጫው አልወጣም ነበር

ያን ሐሙስ ወንድሜ አንጋጫ ባለው ግቢያችን ሞተር ብስክሌቱን ያጥብ ነበር። እኔ ውሃ እያቀበልኩ ጎማውን እፈትጋለሁ። መምህር ነው። ነበር። በምርጫው በግሉ ለመወዳደር ተመዝግቦ ነበር።

«ጋሼ፣ ከተመረጥክ ሞተሩን ለእኔ ትሰጠኛለህ?»

«መጀመሪያ ማጠብ ተማር። ጭቃውን ከዚህ ወደዚያ እያዞርከው እኮ ነው።»

እናታችን ከቤት ሆና በከምባትኛ «ገና ሳይመረጥ ጉቦ ጀመራችሁ?» አለችን። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ባለቤቱ የማይታወቅ አንድ የፌስቡክ ገጽ የወንድሜን ፎቶ ለጥፎ «ገንዘብ ተቀብሎ ከምርጫው ወጣ» ይላል። ወንድሜ ውሸት መሆኑን ከሥሩ ጻፈ። «ስንት በላህ?» ብለው መለሱለት። ሌሎቹ የሳቅ ምልክት ብቻ ደረደሩ። የሚያውቁን ሰዎችም ነበሩበት።

«ፊቴን እያዩ ይጠይቁኝ» አለ።

ዓርብ ጠዋት እነዚያን የሚያውቁንን ሰዎች በአካል ሊያገኛቸው በሺንሺቾ መንገድ ሄደ። ዝናብ ነበር። ድልድዩ አጠገብ ሞተሩ ተንሸራተተ። ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ።

ከዚያ በላይ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

መሞቱንም ጓደኞቹ ፌስቡክ ላይ ጻፉ። ከሥሩ «ድራማ ነው»፣ «ሕዝብ ሲያፋጥጠው ሞትኩ አለ» የሚሉ ነበሩ። አክስቴ ከዱራሜ ደውላ «ውሸት ነው ይላሉ እኮ፤ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። እናቴ ሰማች። ያን ገጽ ስትረግም የዋለችው እናቴ እጄን ያዘችና «ምናልባት እነሱ ልክ ቢሆኑስ? ባይሞትስ?» አለች።

በማግስቱ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ለቀብሩ ሊጠራ ሲወጣ ተከትዬው ሄድኩ። ሽማግሌ ነው። እሱ የጠራውን ሞት ድራማ ነው የሚል የለም። በመጀመሪያው መታጠፊያ ነፋ፤ የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነና የቀብሩን ሰዓት ተናገረ።

«አባባ፣ ከምርጫው አልወጣም ነበር ብለው ይጨምሩልኝ።»

«ልጄ፣ በዚህ ጥሩምባ የሚነገረው ሞት ብቻ ነው» አለኝ። ጥቂት እንደተራመድን ግን «እኔ ስጨርስ አንተ በል» አለ።

በሚቀጥለው መታጠፊያ እሱ ሲጨርስ «አልወጣም! ከማንም ምንም አልተቀበለም!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ቆሞ ጠበቀኝ። ደግሜ አልኩት። እንዲህ እያልን ገበያው ድረስ ወረድን።