«ሟች» ስል ጢጥ የሚለው ኮምፒውተር

መርሳ ውስጥ በኮምፒውተር ማመልከቻ እየጻፍሁ ነው የምተዳደረው። ጦርነቱ ከከተማችን እንደወጣ ሼህ ይማም የሚባሉ የውርጌሳ ሽማግሌ የልጃቸውን ሞት ሊያስጽፉ መጡ። «ሟች ሰዒድ» ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ቁልፍ ሲነካ እንደሚያደርገው ጢጥ አለ። ድምፁን ዜሮ አድርጌ ደገምሁት። አሁንም ጢጥ!

«ተወው ልጄ፣ ሟች አትበለው። ማሽኑም እንቢ ብሏል» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። በሳምንቱ ሰዒድ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው እናቶች በራፌ ላይ ይሰለፋሉ። «እስቲ ሟች በለውና እንስማው» ይሉኛል። እጽፋለሁ፤ አብረን እናዳምጣለን። ለአንዳቸውም ጢጥ ብሎ አያውቅም።

ትናንት ቤቱን ከውስጥ ቆለፍሁና «ሟች» ብዬ፣ ወጥቶ የቀረውን የወንድሜን ስም ጻፍሁ።

ዝም።

ድምፁን ዘግቼው ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አየሁ። እስከ ጥግ ክፍት ነው።