ወንድ የማይደርስበት ጓሮ

ትናንት ጓሮ ብወጣ፣ ሾኔ ከተማ መምህር የሆነው የልጅ ልጄ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከሚስቱና ከእህቶቹ ጋር የእንሰት መፋቂያ ማሽን ያሽከረክራል። የትኩስ እንሰት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

በልጅነቴ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ወደ ጓሮ ድርሽ አይልም። ወንድ ካየው ቆጮው ይበላሻል ይባል ነበር። አንድ ቀን ከአያቴ ጎን ተቀምጬ በቀርከሃ ስፍቅ ወገቤ ተቆረጠ፤ የእንሰቱ ውሃ እስከ ክርኔ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሜ ከአጥሩ ማዶ ተጋድሞ ያፏጫል።

«አያቴ፣ ሲያየው የሚበላሽ ቆጮ ሲበላው ለምን አይበላሽም?» አልኳት።

የጎረቤት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። አያቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሞኝ፤ የከለከልናቸው እኛው ነን። እንደ ልባችን የምናወራው እዚህ ብቻ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ወገቤስ?»

«እሱንማ እኔም አላወቅሁበትም።»

ትናንት የልጅ ልጄን ላብ ሳይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ሴቶቹ ግን እሱ ስላለ ጭጭ ብለዋል።

«አንተ እንዳታቆም» አልኩትና ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። «እናንተስ ምን ዘጋችሁ? አውሩ እንጂ!»

«ስለ ምን እናውራ፣ አያቴ?» ብሎ የመለሰልኝ እሱ ነው።