ተቀምጣ የመጣችው ልጄ

ከአገሬ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ቀና ብዬ አላየኋት። ባያት ኖሮ እቀር ነበር፤ ልቅር ብል ደግሞ ቤት አልነበረኝም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከደብረ ሲና በላይ ባለችው መንደራችን «ለሽፍታ ቂጣ ጋግራችኋል» ተብሎ ሦስት ቤት ሲቃጠል አንደኛው የእኛ ነበር። ቂጣውን ማን እንደጋገረው እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔ ነኝ። ባሌ ደምሴ ሊይዙት ሲፈልጉት ቁልቁል ወደ ቆላ አመለጠ። ከወር በኋላ በአንድ ጨው ነጋዴ አፍ መልእክት ላከብኝ፦ «ሸዋ ሮቢት አጠገብ መሬት የሚያሳርሰኝ ደግ ሰው አግኝቻለሁ። ከነጋዴዎቹ ጋር ውረጂ።»

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እትዬን አፏን ያስያዛት ይኸው ሆዴ ነው። እናታችን የሞተችው ታናሻችንን ስትወልድ ነው፤ ልጁ በእግሩ መጥቶ መሐል መንገድ ላይ ቀረ፣ እናትና ልጅ ባንድ ቀን ተቀበሩ። እትዬ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ውሃ እያሞቀች ታቀብል ነበር። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ምንም አላስታውስም። እሷ ግን ሁሉንም አይታለች። እኔ ስጸንስ ከእኔ ይልቅ የፈራችው ለዚህ ነው።

ከነጋዴዎቹ አለቃ ከጋሼ ወልዴ ጋር ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩት። በቅሎ ላይ ውጪ ቢሉኝ ሆዴ ተንዘፍዝፎ የሚወድቅ መሰለኝና እንቢ አልኩ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ እየወፈረ መጣ፤ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ከዚያ ወዲያ የማወልቀው አጣሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ኬላ አለ። አንድ ጣሊያን ሹም ከጃንጥላ ሥር ተቀምጧል፤ አጠገቡ አስተርጓሚ ቆሟል። ላሻ ፓሳሬ የሚሉት የይለፍ ወረቀት ነበረኝ።

«ስንት ሰው ነሽ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«አንድ።»

ሹሙ በእርሳሱ ሆዴን ጠቆመና አንድ ነገር ተናገረ።

«ሁለት ነሽ ይልሻል። ወረቀትሽ ግን የሚያሳልፈው አንድ ሰው ነው።»

በፀሐይ ቆሜ እግሬ አብጧል፣ ትዕግሥቴ አልቋል። «እንግዲያው እኔ ልለፍና እሱ እዚህ ይቆይ» አልኩት። «ከሁለት ወር በኋላ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥቶ ይከተለኛል።»

ጋሼ ወልዴ ከኋላዬ ሳቁን በሳል ደበቀ። አስተርጓሚው እኔ ካልኩት እጅግ የረዘመ ነገር ለሹሙ ተናገረ፤ ምን እንደጨመረበት እግዜር ይወቀው። ሹሙ ሳይስቅ፣ ሕፃን ለማለት «ባምቢኖ፣ ባምቢኖ» እያለ ወረቀቴን ተቀብሎ አንድ የሚለውን ቁጥር ሰርዞ ሁለት አደረገው። ልጄ ሳይወለድ በመንግሥት መዝገብ ገባ ማለት ነው።

ቆላን ላላያችሁት ምን ብዬ ልንገራችሁ! እኛ ዘንድ ቅቤ በቢላ ነው የሚቆረጠው፤ እዚህ እንደ ውሃ ይቀዳል። እኛ ገብስ በልተን ከብርድ ጋር ስንታገል እንውላለን፤ እዚህ የማሽላ እንጀራ በልተው ጥላ ፍለጋ ይዞራሉ። የግመል ወተት መጀመሪያ ስቀምስ ጨው የገባበት መስሎኝ ተፋሁት፤ ሳምንት ሳይሞላ ለምኜ የምጠጣ ሆንኩ። አነጋገራቸውም ሌላ ነው። እኛ «እግዚአብሔር ያውቃል» የምንለውን እነሱ «አላህ ያውቃል» ይላሉ፣ በመሐሉ የአርጎባና የኦሮሞ ቃል ይወረውራሉ፣ እኔም ያልገባኝን በፈገግታ አልፈዋለሁ።

ባሌ የሚያርስለት ሰው ጋሼ ሰይድ ይባላል፤ የአካባቢው የጥንት ገበሬ፣ ዝግ ያለ፣ በቀልድ የሚገድል። ለእኛ የሰጠንን ጎጆ ሲያሳየኝ ቀና ብዬ ጣሪያውን ፈለግሁት።

«ጋሼ፣ ክዳኑስ?»

«አሁን በጋ ነው፣ ክዳን ምን ያደርግልሻል?»

«ፀሐዩስ?»

«ፀሐዩ ክዳኑንም አልፎ ይገባል» አለኝ። ግን በማግስቱ ከደምሴ ጋር ሆኖ ሲከድን ዋለ።

በዚያው ሳምንት የጋሼ ሰይድ እናት እማማ ዘይነባ ልታየኝ መጣች። በአካባቢው ሴት ሲያምጥ የሚጠሩት እሷን ነው። እናቴ ብትኖር እሷ ትበልጣታለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እጇ ግን ሰፊና ለስላሳ። ሰሌን ላይ አስተኝታ በሰሊጥ ዘይት ሆዴን ዳበሰች። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ደግሞ ከላይ። እጇ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ቀና አልኩ።

«ምነው እማማ?»

«ልጅሽ ተቀምጧል» አለችኝ። እጄን ይዛ ከጎድኔ በታች አስነካችኝ፤ ክብ፣ ጠንካራ ነገር። «ይኸ ጭንቅላቱ ነው። ወደ ታች መሆን ነበረበት። እሱ ግን እንደ ዳኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።»

አለቀስኩ። የእናታችንን ነገር ሁሉ ነገርኳት። እማማ ዘይነባ አቋርጣ አላጽናናችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «ማን ጎተተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምኑን?»

«የእናትሽን ልጅ። በእግሩ ሲመጣ ማን ጎተተው?»

አላውቅም አልኳት። «ሁልጊዜ የሚጎትት አለ» አለች። «ሰው ሲፈራ እጁ አያርፍም። ገና ከወር በላይ አለን። ልጁ ከዞረ አልሐምዱሊላህ። ካልዞረም እንዴት እንደምንቀበለው ተምረን እንጠብቀዋለን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ በጉልበቴና በደረቴ ሰሌን ላይ ተደፍቼ፣ መቀመጫዬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ እቆይ ጀመር። ደምሴ አንድ ጊዜ ድንገት ገብቶ ሲያየኝ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። «ሃይማኖት ለወጥሽ እንዴ?» አለኝ ከውጭ ሆኖ። ስቄ ስቄ ልወልድ ነበር። እማማ ዘይነባም በየሦስት ቀኑ እየመጣች፣ ሆዴን ቀባብታ፣ ጭንቅላቱን በአንድ እጅ፣ መቀመጫውን በሌላው ይዛ ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። ሆዴ ሲጠነክር ትተዋለች። አንድ ቀን ወደ ጎን ዞረና እልል ልንል ስንል፣ በማግስቱ ተመልሶ ተቀመጠ። «ግትር ነው፣ እንደ ደጋ ሰው» አለችና ከዚያ ወዲያ በግድ አልሞከረችም።

ጣሊያኖቹ ካምፖ በሚሉት የጦር ሰፈራቸው ውስጥ ኢንፌርሜሪያ የሚሉት የሕክምና ቤት እንዳለ ሰማን። ደምሴ፣ «ቤቴን ያቃጠለ እጅ ሚስቴን አይነካም» አለ። እኔ ግን መትረፍ ፈልጌያለሁ፤ እማማ ዘይነባም፣ «ጠይቆ መመለስ ምን ይጎዳል?» ብላ ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ አንድ ነጭ ኮት የለበሰ የአገራችን ሰው አገኘን።

«ዶቶሬው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚመጣው» አለን፤ ሐኪሙን ማለቱ ነው።

«ማክሰኞ እንመጣለን» አለች እማማ።

«ማክሰኞ የነጮቹ ቀን ነው። የአገሬው ሰው የሚታከመው ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ማን ያያታል?»

«ሐሙስ ዶቶሬው የለም።»

እማማ ዘይነባ ረጋ ብላ ትክ ብላ አየችው። «ልጄ፣ አንተን ያዋለደችህ ሴት ቀን ትመርጥ ነበር?» አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ልንሄድ ስንል ተከትሎን መጥቶ አንድ ጥቅል ንጹህ ፋሻና ቁራጭ ሳሙና በነጠላዬ ውስጥ ሸጎጠልኝና፣ ወደ ኋላው እያየ ተመለሰ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤት ስንደርስ እማማ ዘይነባ አንድ ሞላላ ቅል አመጣች፤ ታች ሰፊ፣ ላይ ክብ ራስ ያለው። በጨርቅ ጠቅልላ ሕፃን አስመሰለችው። የጋሼ ሰይድን ሚስት ከዲጃን ቀሚሷን ዘርግታ ጠባብ መውጫ እንድትይዝ አደረገችና ቅሉን ከታች በኩል ቀስ እያለች አወጣችው። «እዩ፣ መቀመጫው ይመጣል። አትንኩት። እግሩ ይመጣል። አትንኩት። ሆዱ ሲወጣ እትብቱን ብቻ ላላ አድርጉለት። ክንዱ በራሱ ይመጣል። አሁን አንገቱ እስኪታይ ጠብቁ።» ተራ ደርሷት ከዲጃ ቸኩላ ቅሉን ስትስበው፣ እማማ «ገደልሽው!» ብላ እጇን መታቻት። እንደገና ጀመርን። ሦስተኛው ላይ ከዲጃ እጇን ከኋላዋ አጣምራ መጠበቅ ቻለች። ለሣምንታት እንዲሁ ስንለማመድ ቆየን፤ እኔ መሳቅ፣ መፍራት፣ እንደገና መሳቅ። ደምሴ ከምሰሶው ጠንካራ ገመድ አንጠለጠለልኝ። ካልሆነልን የሚሸከሙኝን አራት ሰዎች ጋሼ ሰይድ ከነቃሬዛው አዘጋጀ፤ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ በሩን ሰብረን እንገባለን ብሎ ማለ።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ጧት ጥጥ እየዳመጥኩ ሳለ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። የገበያ ቀን ስለነበር ወንዶቹ ሄደዋል፤ እማማ ዘይነባ ግን ከሰሞኑ ገበያ መሄድ ትታ ነበር። እየሮጠች መጣች። ያን ያህል ያረጀች ሴት ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።

እስከ ቀትር አማጥኩ። ሙቀቱ ከላይ፣ ምጡ ከታች። ተንበርክኬ ገመዱን ይዤ «ማርያም! ማርያም!» እላለሁ፤ ከጀርባዬ የደገፈችኝ ጎረቤት «ያ ፋጡማ!» ትላለች። መቀመጫው ሲመጣ እማማ ዘይነባ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ከዲጃ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ያዘቻቸው። እግሮቹ ተራ በተራ ወጡ። ሆዱ ወጣ። እማማ በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ እትብቱን ላላ አደረገች፣ እንደገና እጇን ሰበሰበች። ክንዶቹ መጡ። ከዚያ ቆመ።

እናቴን ያን ጊዜ አሰብኳት።

«ጎትቱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይጎተትም» አለች እማማ ዘይነባ፣ እንጀራ የምትቆርስ ያህል በረጋ ድምፅ። «አንቺ ግፊ። ከዲጃ፣ ከላይ ያዥ።» ከዲጃ ከእምብርቴ በታች በመዳፏ ጫነች። እማማ ሰውነቱን በክንዷ ላይ አስተኛችው፤ አንገቱ ሲታያት እግሮቹን ይዛ ወደ ሆዴ ቀስ ብላ አነሳቻቸው። እኔም በውስጤ የቀረውን ኃይል ሁሉ ሰጠሁ።

ወጣች። ሰማያዊ ሆና፣ ዝም ብላ። እማማ የልጄን አፍ በአፏ መጥጣ ተፋች፣ እፍ አለችባት፣ ጀርባዋን አሸች፣ ደግሞ እፍ አለች። ከዲጃ ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ እንደ ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ወፈረ፤ ከዚያ ጎጆውን ሞላው።

«ሴት ናት» አለች እማማ ዘይነባ። እኛ አገር ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት እልልታ ነው። ከዲጃ ሦስት ብላ ስታቆም እማማ ተቆጣቻት፤ «ተቀምጣ ለመጣች እመቤት ሦስት ብቻ?» ብላ ራሷ እስከ ሰባት አደረሰችው። ደምሴ እልልታውን ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰምቶ፣ ወንድ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሴት መሆኗን ስነግረው፣ አቅፏት ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንባውን እንዳላይበት ነው።

ኑሪ አልናት። እኛ ዕድሜ ይስጥሽ ማለታችን ነው፤ እማማ ዘይነባ ደግሞ በእነሱ ዘንድ ብርሃን ማለት ነው ብላ ስሙን ያወጣችው እሷ እንደሆነች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። አንከራከራትም።

በአራስነቴ ከዲጃ የማሽላ ገንፎ እያገነፋች አበላችኝ። ደግ ነበር፤ ግን የገብሱ ገንፎ፣ እትዬ የምትሠራው፣ በዓይኔ ላይ ይዞርብኝ ነበር። በሰማንያ ቀኗ እላይ ወጥቼ እትዬ ክርስትና እንድታነሣልኝ አስቤ ነበር። ኬላው ተዘጋ፤ ወደ ደጋ የሚወጣ መንደረተኛ ሁሉ የሽፍታ ዘመድ ነው ተባለ። ነጋዴ ብቻ ያልፋል። ደብዳቤ እንዳልጽፍ፣ ፊደል ብቆጥርም፣ ወረቀት የተገኘበት ይታሰራል።

ስለዚህ ጋሼ ወልዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ሊወጣ ሲል ኑሪን አዝዬ ወደ መንገዱ ሄድኩ። የምለውን ሌሊቱን ሁሉ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ስለ እማማ ዘይነባ፣ ስለ ቅሉ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ናፍቆቴ። ፊቱ ስቆም ሁሉም ጠፋብኝ።

«እህትሽ ገና ከሩቅ ስታየኝ ነው የምትጠይቀኝ» አለኝ። «ምን ልበላት? ‹በሕይወት አለች› ልበላት?»

ኑሪን ከጀርባዬ አውርጄ አሳየሁት። ልጄ ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት ታዛጋለች።

«‹አሉ› በላት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና በቅሎዎቹን ነዳ። እኔም አቧራው እስኪጠፋ እዚያው ቆምኩ። በጧት ዳመና ከሌለ ከእርሻችን ጫፍ ሆኖ ተራራው ይታያል፤ እትዬ ያለችበት በኩል የትኛው እንደሆነ ግን ከታች ሆኜ መለየት አልቻልኩም።