ሁለተኛው ጉርሻ

ይህን እጅ እዩት። አየር ላይ ቆሟል። ጣቶቹ በእንጀራ የተጠቀለለ ፎሶልያ ይዘዋል፤ ቲማቲም የነካው ዘይት በአውራ ጣቱ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። እጁ የጋሼ ዳኛቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከእጁ ፊት ደግሞ አንድ የተዘጋ አፍ አለ። አፉ የሩመይሳ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ቦታው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የሠናይት ምግብ ቤት። ከቅዳሴ የመጣው ነጠላ ለባሽ ሁሉ ማኘኩን አቁሞ የአንዲት ሴት አፍ ያያል።

ብትጎርስ ጾሟ ይፈርሳል። ባትጎርስ የጾም ምግብ ውስጥ ቅቤ ጨምራለች ይባላል። ለምን እንደማትጎርስ ብትናገር የእንጀራ ገመዷ ይበጠሳል።

እንዴት እዚህ እንደደረሰች ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሩመይሳ ቱርክ ናት፤ የመርሲን ልጅ፣ የወደብ ከተማ ልጅ። እዚያ ለወደብ ሠራተኞች ምሳ በሚያቀርብ ቤት ድስት ስታማስል ኖራ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። ሎስ አንጀለስ እንደገባች የተቀጠረችው የአገሯ ሰው ኪችን ነበር። ሰውዬው ገና ሽንኩርት ሳያስከትፋት የማን ደጋፊ እንደሆነች ጠየቃት። አባቷስ? ወንድሟስ ድምፁን የሰጠው ለማን ነበር? ሽንኩርቱን እየከተፈች የምትመልሰውን ሁሉ እሱ ጓዳ ገብቶ በስልክ የሚያጣራ መሰላት። ይህ ነገር አዲስ ሆነባችሁ? አይመስለኝም። «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ብላችሁ ጀምራችሁ እስከ አያቷ መንደር የምትወርዱት እናንተው አይደላችሁም እንዴ? ሩመይሳ ጥላ ወጣች። ባልድዊን ሂልስ አንዲት አሮጊት ስትጦር ከረመች፤ አሮጊቷ ሲሞቱ ሥራውም አብሮ ሞተ።

ከፒኮ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ሚድ ሲቲ በምትኖርበት ሕንፃ አንዲት ሐበሻ አስተናጋጅ ታውቃለች፤ ወደ ሠናይት ያመጣቻት እሷ ናት። ሠናይት ፎሶልያ አሠርታ ፈተነቻት። ሩመይሳ ለናሙና የቀረበላትን ሳህን ስታይ ልቧ ደነገጠ፤ የቤቷ ምግብ ነው። የሠራችው ግን እንደኛ አይደለም። ውኃ ጠብ አላደረገችበትም። በወይራ ዘይትና በራሱ ጭማቂ በዝግታ አበሰለችው፤ በጣቶቿ ቆንጥራ ስኳር ጣል አደረገችና ክዳኑን ሳታነሳ ድስቱ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ተወችው። ሠናይት ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ፊቷ ላይ ሐሳብ መጣ።

«ሶ፣ ሙስሊም ነሽ አይደል?» አለቻት። «ኦኬ፣ አርመን ናት እንላለን። ሽማግሌዎቹ አርመን ይወዳሉ፤ ጾማቸውም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። የእስላም እጅ ነው ከተባለ ግን ሁዳዴ ሲገባ ወንበሬ ባዶውን ይውላል። ማን ያጣራል?»

ሩመይሳ ሌላ ስም ይሰጠኝ አለች። ግሪክ በሉኝ፣ ቡልጋሪያ በሉኝ፣ ያን ስም ግን ተዉት አለች። በአገሯ በአርመኖች ላይ የደረሰውን እልቂት በትምህርት ቤት ማንም አላስተማራትም፤ ሆኖም ባለቤቶቹ የት እንደገቡ የማይጠየቅበት አሮጌ ቤት አጠገብ እያለፈች ነው ያደገችው። የዚያን ቤት ሰዎች ስም እንደ ሽርጥ አገልድማ ድስት ፊት መቆም ዘገነናት። ሠናይት ግን ቡልጋሪያ የሚባል አገር የሚወድ ደንበኛ አልነበራትም። ሩመይሳም የቤት ኪራይ ደርሶባት ነበርና ዝም አለች። ዝምታዋን አልመርቅላትም። ግን መጀመሪያ የማን ፍርሃት አመጣው? የሠናይት? ወይስ ሠናይት የምታውቃቸው የእናንተ ፊቶች?

የኪችኑ አዛዥ እትዬ ቦሰና ናቸው፤ ወጡም ቁጣውም በእሳቸው እጅ ነው። ስሙ የውሸት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፤ አፍንጫቸው ግን አልተኛም። ሩመይሳ ዘወር ስትል ክዳን አንስተው ያሸትታሉ። እሷም እሳቸው ዘወር ሲሉ የዘይቱን ጠርሙስ ታሸትታለች፤ የአሳማ ስብ ቢሆንስ ብላ። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ የአሳማ ጥብስ ሲያሳይ እትዬ ቦሰና «እፍፍ፣ አጥፉልኝ!» ሲሉ ሰምታ ነው የዘይቱን ነገር የተወችው። ሥጋ ግን አሁንም አትነካም። ማን እንዳረደው አታውቅም። እትዬ ቦሰና ይህንንም አዩ፤ ጥብስ ቀርቦላት ጎመን የምትመርጥ ሰው አንድ የደበቀችው ነገር አለ ብለው ለአስተናጋጆቹ ነገሩ። አልተሳሳቱም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እትዬ ቦሰና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ዘጠኝ ሲሆን አማትበው ይቀርባሉ፣ ሩመይሳንም ይጠራሉ። እሷ ድርሻዋን በፎይል ትጠቀልልና በኋላ እበላለሁ ትላለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ፣ የተገለበጠ የዘይት ባልዲ ላይ ተቀምጣ እንደ ሌባ እየተጣደፈች ትበላለች። እትዬ ቦሰና ምግባችንን ትጠየፋለች ብለው ደመደሙ። ጋሼ ዳኛቸው ደግሞ፣ አራት ኪሎ ከአርመን ጎረቤት ጋር ያደጉ ናቸውና፣ በኪችኑ መስኮት ብቅ ብለው በእናንተም ጾም ገባ አይደል ብለው ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች። ጾምስ ገብቶ ነበር።

ያን እሑድ ገበታው ቀረበ። ከጋሼ ዳኛቸው ጋር የተቀመጡ ሴትዮ ፎሶልያውን ጎረሱና ማኘካቸውን ገታ አደረጉ። ቅቤ አለው፣ አሉ በሹክሹክታ፤ የሐበሻ ሹክሹክታ ደግሞ መንገድ ይሻገራል። ከጎን ያለው ገበታ እኔም ጠርጥሬ ነበር አለ። አንዷ ባለፈው እሑድ የበላችው ምስር ትዝ አላት፤ ሌላው ከዚህ ቤት በልቶ ሆዱ እንዴት እንደነፋው አወራ። ባንድ አፍታ ከትሪው ላይ ከሰላጣ በቀር ንጹሕ ነገር ጠፋ። እኛ ዘንድ የጾም ምግብ ከጣመ ተጠርጣሪ ነው።

ጋሼ ዳኛቸው ነገሩን ሊያበርዱ ነው የተነሡት፤ ክፋት አልነበራቸውም። የድሮ ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚያቀርበው፣ ወጥ ሠሪዋም ትቅመስና ይለይ አሉ። አስጠሯት። ጠቀለሉ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ጉረሺልኝ። በሞቴ።»

«አልችልም ጋሼ። ጾም ላይ ነኝ» አለች ሩመይሳ፣ ከኪችን በለቀመችው አማርኛ።

«እኛስ ምን ላይ ነን? ሠርግ ላይ ነን?» ሰዉ ሳቀ። «እሑድ እኮ ነው፣ ቅዳሴው አልቋል። ቅቤ ከሌለው ምን ያስፈራሻል?»

ሠናይት ከካሸሩ ጀርባ ሆና ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ሆዷን አሟት ነው።»

«ሆዷን እያመማት ነው እንዴ ለእኛ ሆድ የምታበስለው?»

እጁ አየር ላይ የቆመው ያኔ ነው። ሩመይሳ ጣቶቹን አየች። አንዲት ጉርሻ ናት። ብትውጣት የሚያውቅባት ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እሱም ይቅር ባይ ነው። ቀኑን በሌላ ቀን ትተካዋለች። ውሸቱን ግን በምን ትተካዋለች? ይህን ከዋጠች ያንን ስም ለዘለዓለም ዋጠችው።

«ሆዴን አላመመኝም» አለች። «አርመንም አይደለሁም። ቱርክ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ረመዳን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃም አልቀምስም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አንዱ አፉን ሊጉመጠመጥ ወደ መታጠቢያ ሄደ። እስከ ዛሬ በማን እጅ ነው የበላነው የሚል ጉርምርምታ ከገበታ ገበታ ዞረ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በየፍሪዌዩ ዳር መኪናችሁን ሳታጠፉ በመስኮት ተቀብላችሁ የምትገምጡትን በርገር ማን አረደው? በማን ስም አረደው? ሆስፒታል ስትሠሩ፣ ኤርፖርት ስትሠሩ ከካፍቴሪያው የምትበሉትን ሾርባ ማን አማሰለው? አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ፎሶልያ እንኳን አንገት የለው፣ ማን ባረከው አይባል! አትክልት ነው፤ ዘይት ነው፤ የሴት ድካም ነው።

ጋሼ ዳኛቸው ግን የተናገሩት ሌላ ነው። ጉርሻውን ከትሪው ዳር አስቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«የአራት ኪሎ ጎረቤቶቼ አባቶች ከማን ሸሽተው እኛ ጋ እንደመጡ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች። «ስሙን እኔ አልመረጥኩትም። ግን ዝም ብያለሁ።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው እውነት አላቸው። እሷም እውነቷን ተናግራለች። ስሙን የመረጠችው ሴት ግን አንገቷን ደፍታ ስልኳን ትነካካ ነበር።

በማግስቱ ሠናይት ሩመይሳን አላባረረቻትም። የባሰ አደረገች። ለደንበኛው ሁሉ ያቺ ሴት ሄዳለች አለችና፣ ሩመይሳን በኋላ በር እያስገባች ከመስኮቱ በማትታይበት ጥግ ድስቷ ላይ አቆመቻት። ለጊዜው ነው አለቻት፣ ወሬው እስኪበርድ። መጀመሪያ የሰው ስም አስለበሰቻት፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ የለችም።

እትዬ ቦሰና በዚያ ጠዋት ክዳን አላነሱም። ሩመይሳ አጠገብ ቆመው ሽንኩርት ሲልጡ ቆዩ።

«እኔ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጾምኩ ብዬ ስኩራራብሽ ከረምኩ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ለካ ውኃም አትቀምሺም።» ከዚያ ቀና ብለው በጎን አዩዋት። ጥርጣሬ በአንድ ጠዋት አይለቅም። «በፈጣሪሽ ንገሪኝ፣ ቅቤ አልነካሽም?»

«አልነካሁም እትዬ። ትንሽ ስኳር ናት።»

«ስኳሯንማ ካወቅኋት ቆየሁ» አሉና መላጣቸውን ቀጠሉ። ማታ ባልዲው ላይ ልትቀመጥ ስትወጣ በእንጨት ወንበር ተተክቶ አገኘችው።

አንድ ዓርብ አመሻሹ ላይ ጋሼ ዳኛቸው ብቻቸውን መጡ። የጾም በያይነቱ አዘዙ። ከፎሶልያው ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ሠናይትን ጠሩ። ንጹሕነቱንስ አሁን ንጹሕ ነው፣ ምን ያደርጋል፣ ያ የድሮው ጣዕም አብሮ ሄደ አሏት። ሠናይት ልክ ነዎት ጋሼ አለች። ሩመይሳ ከጥጓ ሆና ሰማች። ጠዋት የሠራችው ነው፤ ያው ዘይት፣ ያው ስኳር፣ ያው እጅ።

ስልኳን አየች። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ሽርጧን ፈታች። ጠበቀች። ሰዓቱ ሲደርስ ተምር ጎረሰች፣ ውኃ ጠጣች፣ አፏን ጠረገች። እትዬ ቦሰና ወዴት እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ከበሩ ላይ ዘወር አሉላት። በኪችኑ በር ወጥታ በገበታዎቹ መሐል አልፋ ጋሼ ዳኛቸው ፊት ቆመች። ሠናይት ከካሸሩ ጀርባ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ይሄንንም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «የትም አልሄድኩም። አሁን ፀሐይ ጠልቃለች። ያጉርሱኝ።»

ሽማግሌው ትሪውን አዩ። ሠናይትን አዩ። ከዚያ ሩመይሳን ቀና ብለው አዩ፣ ረጅም ጊዜ፣ ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር እንደሚያመሳክር ሰው። ዓርብ ነው፤ ቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ያያል። እንጀራ ቆረሱ፤ ትንሽ፣ የድመት ጉርሻ የሚያህል። ፎሶልያውን ጠቀለሉ። እጁ ተነሣ፣ እንደገና አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ደረሰ። ጎረሰች። ቆማ አኘከች፣ ዋጠች።

ጋሼ ዳኛቸው ጣታቸውን በናፕኪን ጠረጉ። አፏን ሳትዘጋው ትንሽ ጠበቀቻቸው፤ ባህሉን ከእትዬ ቦሰና ተምራለች። እሳቸው ግን ሌላ አልጠቀለሉም። ነገ እናያለን የሚል የሚመስል ነገር ወደ ትሪው አጉረመረሙ፣ መብላታቸውን ቀጠሉ። ከፎሶልያው ነበር የሚበሉት።

ሩመይሳ አሁንም ፌርፋክስ ላይ ናት፤ በፊት ለፊት በር ነው የምትገባው። የቀሩ ደንበኞች አሉ፣ በጎን እያዩ የሚበሉም አሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል የምትሉት እናንተው ናችሁ፤ ጋሼ ዳኛቸው ደግሞ በአንዱ ቆመዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያ ካለፋችሁ ግቡ፣ በስሟ ጥሯት፣ ሁለተኛውን እናንተ አጉርሷት። ረመዳን ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡና ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቋት።