ከእሷ ጋር ሄደ

የባሌ ወንድም ጂንካ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስሙን አጠፋች እንዳልባል ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሠራውን ብቻ እጽፋለሁ።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መንግሥት በተለወጠበት የግንቦት ሰሞን ዝናቡ አላባራ ሲል፣ «መንገዱ ትንሽ ይድረቅ» ብሎ ነበር። ወንድሙ «ሴት ነህ እንዴ? ጥጤ ይበሰብሳል» አለው። ባሌ የወንድሙን ጥጥ ጭኖ ወደ ኮንሶ ወጣ፤ አልተመለሰም። በሳምንቱ አንድ የፀማይ ሰው ከወይጦ በእግሩ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። አማርኛው ጥቂት ነበር።

«ሰውዬው ከእሷ ጋር ሄደ» አለ።

«ከማን ጋር?» አልኩት።

የባሌ ወንድም ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ሰምተሻል አይደል? ምን ታስደግሚዋለሽ? ውርደቱ ያንቺ ነው» አለኝና ሰውየውን በክንዱ ይዞ ወሰደው። ብዙ ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ባሌ ከአንዲት ሴት ጋር መኪናውን ይዞ ኬንያ መግባቱን ያወራ ጀመር። መኪናውም ስላልተገኘ ወሬው እውነት መሰለ።

ቄሱን ፍትሐት ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖርኩ፤ ባለትዳር አልባል፣ ባል የሞተባት አልባል። ጥቁር አልለበስኩም። ብለብስ ይሳቅብኝ ነበር።

ከጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ የባሌ ሌላ መኪና ቆሞ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቀይ የጣሊያን ሥሪት። ከጂንካ ጠቅልሎ ከሚሄድ ፈረንጅ አዳኝ ነው የገዛው። በዚያ ግርግር ወታደር እንዳይወስድበት መጋዘኑ ውስጥ አስገብቶ በሩን በበቆሎ አገዳ ሸፈነው፤ በማግሥቱ ጥጡን ጭኖ ወጣ።

መጋዘኑን አልወደውም ነበር። ምስጥ መደርደሪያውን፣ መቃኑን፣ የጣሪያውን ማገር ሁሉ ሲበላ በመኪናው ላይ አላለፈም። አቧራው ጣት ያሰምጣል፤ የሾፌሩ በር እጀታ ላይ ግን ሁልጊዜ የመዳፍ ያህል ንጹሕ ቦታ ነበር። ድመት ይሆናል እላለሁ። ድመት የለኝም።

ባለፈው ዓመት የባሌ ወንድም ሰው ላከብኝ፦ «ያንን ዝገት ለቁራሌው ትስጠውና ቦታውን ታጽዳ። ዝገት ዝገትን ሲጠብቅ ሰው ይስቃል።» ያን ዕለት መካኒክ ጠራሁ። መኪናው በገዛ ጎማው በፊቱ እንዲያልፍ ፈለግኩ።

መካኒኩ የበና ሰው ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። በእሱ አማርኛ ዕቃ ሁሉ ሴት ነው። እኔንም አንቺ ይለኛል፤ ንቀት እንዳልሆነ ስለማውቅ አላረምኩትም።

«እማማ፣ ቤንዚኗን አሽትቻት። ጠጥታ ጠጥታ ሰክራ ነው የተኛችው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

ታንኩን አውርዶ አጠበ። ካርቡራተሩን ፈታ። ከጭስ ማውጫው ውስጥ የተርብ ቤት አወጣ፤ ባዶ ነበር። የደረቁትን የፍሬን ጎማዎች ቀየረ፣ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ዘይት ጠብ እያደረገ ሞተሩን ቀስ ብሎ በእጁ አዞረው። ይህ ሁሉ ከወር በላይ ፈጀ። በመጨረሻ አዲስ ባትሪ አስገባና «ግቢ፣ ቁልፏን አዙሪ፤ እኔ ከፊት ልያት» አለኝ።

ወንበሩ ባሌ እንደተወው ወደ ኋላ ርቆ ነበር፤ እግሬ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። ስፖኪዮውን ቀና ብዬ አየሁ። ማየት የነበረብኝ በሩን ነበር፤ የታየኝ ግን ጣሪያው ነው። መስተዋቱ ከእኔ የሚረዝም ሰው ዓይን ይጠብቅ ነበር። ልነካው እጄን አነሳሁና ተውኩት።

ቁልፉን ከፈት ሳደርገው የግራው ፍሬቻ ተክ፣ ተክ፣ ተክ አለ። እኔ ምንም አልነካሁም። ባሌ ወደ መጋዘኑ ሲታጠፍ አብርቶት ሳይመልሰው ወርዷል። ይህን ዛሬ በደንብ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ያዘ።

«ተነሳች! እማማ፣ እሷ ተነሳች!»

«ማናት እሷ?» ብዬ ጮህኩ።

መካኒኩ በኮፈኑ ጎን ብቅ አለ። «መኪናዋ ናታ! ሌላ ማን አለ? አንቺማ ድሮ ተነስተሻል።»

እሱ ሳቀ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከእሷ ጋር ሄደ። ከጥጡ መኪና ጋር።

«ለሙከራ የድሮው አውሮፕላን ሜዳ ይበቃታል» ሲለኝ «ወይጦ ነው የምንሄደው» አልኩት።

በማግሥቱ እሱ እየነዳ ወይጦ ደረስን። ጠያይቀን አንድ የፀማይ ሽማግሌ አገኘን፤ መካኒኩ አስተረጎመ። ሽማግሌው ለማስታወስ አልተቸገሩም። በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነውን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ የጥጡን መኪና ገልብጦ ወሰደው፤ አሸዋ ዋጠው። ሰውየውን ከታች አግኝተው ድንጋይ ከመሩበት። ክምሩን አሳዩኝ፤ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

መካኒኩ ጠይቆ መልሱን ሲሰማ ወደ እኔ ማየት ተወ። «ወንድሟ ያኔውኑ መጣች፣ አየች፣ ሄደች ይላል።» ቀጥሎ ራሱን አረመ። «ወንድሙ። መጣ። አየ።»

ወደ ጂንካ ተመለስን። አሥር ሰዓት ላይ የባሌ ወንድም ግቢ ገባን። በረንዳው ላይ ከልጆቹና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተቀምጧል። ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ቀዩን መኪናና መሪውን የያዘውን ረጅም ሰው ሲያይ ከዘራውን ጥሎ ተነሳ። 

«መጣህ?» አለ። «ውሃው ለቀቀህ?»

ሴት ልጁ እጁን ያዘችው። «አባባ፣ የምን ውሃ?»

መካኒኩ ሞተሩን ሊያስጮኸው ሲል እጄን ክንዱ ላይ አሳረፍኩ። «አጥፋው» አልኩት። «መልሱን ሁሉም ይስማ።»